እስከ አግዳሚው ድረስ

አባቴ ሰላምታ የሚሰስት ሰው ነበር። ሰላሳ አምስት ዓመት በር ሲሠራ ስለኖረ ነው መሰለኝ፣ ሰው ቤት ሲገባ የመጀመሪያ ቃሉ «በሩን ዝጋ» ነው። «እንደምን አደርክ» ከኋላ ይመጣል፣ ያውም ከመጣ። ሰፈሩም የእናት የአባቱን ስም ትቶ «በር ዝጋ» ብሎ ይጠራዋል። መንገድ ላይ አንገቱን ደፍቶ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ነው የሚሄደው። ሰው ሰላም ሲለው ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ያልፋል፤ ለዚያም ቢሆን የሚያስከፍሉት ይመስል ይሰስታል። ስለዚህ ባለፈው ዓመት በየደጁ እየቆመ የሰው ልጅ፣ የሰው ሚስት፣ የሰው ጤና መጠየቅ ሲጀምር ደስ አለኝ። እርጅና አለዘበው አልኩ። የኔ ሞኝነት ወደር የለውም፤ ቀስ ብላችሁ ታዩታላችሁ።

ነገሩ የጀመረው በግራ ባቱ ነው። ሲራመድ ሥጋውን በጉጠት የያዙት ያህል ይጨመድደዋል፣ ሲቆም ይተወዋል። «እርጅና ነው» እያለ ስድስት ወር ደበቀኝ፤ በመጨረሻ አንድ ቀን ከገበያ መልስ መሃል መንገድ ላይ ቆሞ መኪና ሲጮህበት አየሁትና እየጎተትኩ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። እዚያ ያለችው ሲስተር ልጅ እግር ናት፣ አነጋገሯ ግን እንደ አሮጊት የበሰለ ነው። እግሩን ዳበሰች፣ ጣቶቿን በእግሩ ጀርባ ላይ አሳርፋ ለረጅም ጊዜ አዳመጠች፣ ከዚያ ቀና አለች።

«አባቴ፣ የእግርዎ ደም ስር ጠቧል። ስኳሩና ሲጋራው ተባብረው ነው። ሲራመዱ ሥጋው ደም ይጠይቃል፣ ደም ስሩ ግን የለኝም ይለዋል።»

«እኔም ሰው ሲጠይቀኝ እንደዛው ነው የምለው» አለ አባቴ።

እሷ ሳቀች፣ እኔ አልሳቅኩም። ከዚያ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። «እህቴ፣ እኔ የማየው በወር አንዴ ነው። በየቀኑ የምታይው አንቺ ነሽ።» በእጄ ጀርባ ሁለቱንም እግር እንድዳስስና አንዱ ከቀዘቀዘ እንድጽፍ ነገረችኝ። የአውራ ጣቱን ጥፍር ጫን አድርጌ ስለቅ፣ የነጣው እስኪመለስ እንድቆጥር፤ ከሦስት ካለፈ ጥሩ አይደለም። አስተኝቼ እግሩን ከፍ አድርጌ ይነጣ እንደሆነ እንድመለከት። በጣቶቹ መሃል እንድፈትሽ፣ ትንሽ ቁስል ትንሽ አይደለችምና። በየቀኑ ይራመድ፤ ሲያመው ይቁም፣ ሲተወው ይቀጥል፣ ሳያመው ስንት እርምጃ እንደሄደ ግን ይቆጠር። «ቁጥሩ ማነስ ከጀመረ ቀጠሮ ሳትጠብቂ አምጪው። ተኝቶ ካመመው ደግሞ በዚያው ቀን፤ ነገ አይደለም።»

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሜትር ከአንገቴ አይወርድም። ትዳሬን ፈትቼ አባቴ ቤት ከተመለስኩ ጀምሮ የፊት ለፊቷ ክፍል መስኮት ሥር የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ እውላለሁ። ስለዚህ ለኪ፣ ጻፊ ሲባል ለእኔ ምን አዲስ ነገር አለው? የደንበኞቼን የወገብና የደረት ልክ ከምጽፍበት ደብተር የኋለኛውን ገጽ ገለበጥኩና «የአባዬ እግር» ብዬ ጻፍኩበት።

የሙቀቱም የጥፍሩም ነገር ቀላል ነበር። አስቸጋሪው እርምጃው ነው። አብሬህ ልሂድ ስለው «ልጅ አስከትዬ እንደ አዲስ ሙሽራ ስዞር ልታይ?» አለ። ራስህ ቁጠር ስለው «እርምጃውን የሚቆጥር ሰው ሳይሄድ ይደክመዋል» አለ። ክርክሩ ሦስት ቀን ፈጀ። በመጨረሻ እኔ ራሴ መላ ዘየድኩ። ከመስኮቴ መንገዱ ወለል ብሎ ይታየኛል፤ የትምህርት ቤቱ ረጅም አጥር፣ ከዚያ መድኃኒት ቤቱ፣ ከዚያ ጎማ ጠጋኙ፣ ከዚያ የጸጉር አስተካካዩ ቤት። ጸጉር አስተካካዩ ተራ ለሚጠብቁ ሰዎች አንዲት አጭር አግዳሚ ወንበር በሩ ላይ ያወጣል። «እስከ አግዳሚው ሄደህ ተመለስ፤ እኔ በመስኮት አይሃለሁ» አልኩት። አንድ ጊዜ ብቻ በእርምጃ ለካሁት፤ ሁለት መቶ አሥር ሆነ። ከዚያ በኋላ ደብተሩ ላይ የእርምጃ ቁጥር መጻፍ ቀረ። «እስከ አግዳሚው፣ ሳይቆም» ብቻ ሆነ።

የመረጥኩለት ቦታ ግን አልተስማማውም ነበር። እሱና ጸጉር አስተካካዩ ከተኳረፉ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸው ነበር። የጸጉር ቤቱን በር የሠራው አባቴ ነው፤ በክረምት እንጨቱ እርጥበት ጠጣና አበጠ፣ ጸጉር አስተካካዩም ደንበኛ በተሰበሰበበት «በር ዝጋ የሠራው በር አይዘጋም» አለ። ያቺ ቀልድ ሰፈሩን አዳረሰችው። አባቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጸጉሩን የሚቆረጠው ሁለት ፌርማታ በታክሲ እየሄደ ነው። ለቂሙ ሲል ጸጉሩን ባያበቅል ደስ ባለው ነበር።

የመጀመሪያውን ወር ሄደ፣ አግዳሚው ጋ ሲደርስ ዞረ፣ ተመለሰ። ሁለተኛው ወር ላይ ሰላምታውን ጀመረ። መጀመሪያ ጎማ ጠጋኙ ጋ ቆመ። ከዚያ የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ ጋ። አጥሩን በእጁ ተደግፎ፣ ራሱን እየነቀነቀ፣ ሲጠይቅና ሲጠየቅ አየዋለሁ። አንድ ቀን የትምህርት ቤቱን ዘበኛ አንድ በአንድ ስለ ሰባት ልጆቹ ጠየቀው፤ ዘበኛው ራሱ በሦስተኛው ልጅ ላይ ግራ ገብቶት ነበር። እኔ መስኮቴ ሥር ሆኜ እስቃለሁ። ደብተሩ ላይ ያው «ሳይቆም» ብዬ እጽፋለሁ፤ ሰው ሰላም ለማለት መቆም በሽታ ነው እንዴ?

ከዚያ አንድ ቀን አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ጸጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ ወጣ። ምን እንደተባባሉ ከመስኮቴ አይሰማም፤ ብቻ ሁለቱ ሽማግሌዎች ለረጅም ጊዜ ተያዩ፣ ከዚያ ጸጉር አስተካካዩ አጠገቡ ተቀመጠ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ዘጠኝ ዓመት የሰፈር አስታራቂ ያልፈታውን ነገር የሲስተር ትእዛዝ ፈታው አልኩ። ማታ ስጠይቀው «እንዲያው ነገሩ ሰለቸኝ» ብቻ አለ።

የሲስተሯ ቀጠሮ ሲደርስ አባቴ «ደብተሩ ያው ነው፤ ደብተሩን ውሰጂላት» አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ደግሞ ሁለቱንም ነበርኩ። እግሩን ቤት ትቼ ደብተሩን ይዤ ሄድኩ። ሲስተሯ ገጾቹን አገላበጠች፤ ሙቀት ደህና፣ ጥፍር ሦስት፣ ቀለም ቀላ ያለ፣ እስከ አግዳሚው ሳይቆም። «ጎበዝ ነሽ፣ እንዳንቺ የሚጽፍ የለኝም። ቀጥሎ ግን እሱን ራሱን አምጪው» አለች። ከሁለቱ ቃሎቿ የያዝኩት «ጎበዝ» የሚለውን ነው።

አግዳሚው መራመድ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ጎማ ጠጋኙ በር ላይ አገኘሁት፤ ጥላ ፍለጋ ነው አልኩ። ከሳምንታት በኋላ መድኃኒት ቤቱ ጥግ ቆመ። እዚያ ፀሐይ ነው፤ ብርድ ስለሆነ ፀሐይ ፈልገው ነው አልኩ። ከዚያ የትምህርት ቤቱ አጥር ሥር መጣ። ደንበኞች ጸጉር አስተካካዩን ከቤቱ አጥተው አጥር ለአጥር እየመጡ ይጠሩታል። ጎማ ጠጋኙ ሱሪ ሊያስጠብብ መጥቶ «ጸጉር ቤቱ እናንተ ቤት ሊገባ ነው፣ ምሳ አስቀምጪለት» አለኝ። ሳቅን። አባቴ በየቀኑ ሄዶ ይቀመጣል፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይመለሳል። እኔም እጽፋለሁ። እስከ አግዳሚው፣ ሳይቆም።

በዚያው ሰሞን አልጋውን ትቶ ወንበር ላይ መተኛት አመጣ። ወገቤ ነው አለኝ። ጠዋት ስገባ ባለ መደገፊያው ወንበር ላይ ግራ እግሩን ወደ ታች አንጠልጥሎ አገኘዋለሁ። ምርመራውንም እዚያው ወንበሩ ላይ አደርገው ጀመር፤ ተኛ፣ እግርህን አንሳ ስለው ወገቡን ይዞ ያቃስታል፣ አንጀቴን ይበላዋል፣ እተወዋለሁ። ደግሞም እግሩ ያምር ነበር። ድሮ የማውቀው የገረጣ የሽማግሌ እግር ሳይሆን ከቁርጭምጭሚቱ በታች ቀላ፣ ደም ሞላ ያለ። ቀዝቀዝ ይላል፤ ብርድ ነዋ። «ቀለሙ ከድሮው ይሻላል» ብዬ የጻፍኩት በዚህ በገዛ እጄ ነው።

አንድ ጠዋት በትንሿ ጣቱና በጎረቤቷ መሃል ጥቁር ነጥብ አየሁ። የምስር ፍሬ ታህላለች።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ቫርኒሽ ነው» አለ። ጓሮ ባለችው የእንጨት መሥሪያ ክፍሉ አልፎ አልፎ ስለሚገባ የቫርኒሽ ጠብታ በእጁም በጫማውም የተለመደ ነው። እኔም የአናጢ ልጅ አይደለሁ? ጨርቅ ቲነር አስነክቼ ፈተግኩት። አልለቅ አለ። ጠንከር አድርጌ ፈተግኩት።

«ያምሃል?»

«ምንም።»

ምንም ስላላለው ደስ አለኝ። ቲነር የማያስለቅቀው ቫርኒሽ እንደሌለ የማውቅ ሰው ነኝ። ቢሆንም ጨርቁን ጣልኩና ካልሲውን አለበስኩት። እንዲህ ሆኖ ሳምንት አለፈ፤ በሁለተኛው ሳምንት ካልሲውን እኔ ራሴ ነኝ የማደርገው ማለት ጀመረ፣ እኔ ደግሞ የትምህርት ቤት የደንብ ልብስ ተረክቤ ነበርና ቀና ብዬ የማይበት ጊዜ አልነበረኝም። አልነበረኝም እላለሁ እንጂ ጥፍር ለመጫን ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ዝናብ የጣለ ቀን ሳይወጣ ዋለ። ክፍሉ ውስጥ የሆነ ነገር ሸተተኝ። የሞተ አይጥ መስሎኝ አልጋውን አንስቼ ፈለግሁ፣ ቁም ሣጥኑን ገፋሁ። አባቴ ወንበሩ ላይ ሆኖ ዝም ብሎ ያየኛል። በመጨረሻ «አትድከሚ» አለ። «እኔ ነኝ።»

ካልሲውን ሳወልቅ ትንሿ ጣት ሙሉ በሙሉ ጠቁራለች፣ ጎረቤቷም ተከትላታለች፣ ጥቁሩ ወደ እግሩ ጀርባ መስመር አውጥቷል። የጮህኩት ጩኸት እስከ ጎማ ጠጋኙ ተሰምቷል አሉ።

ሆስፒታል ያገኘነው ሐኪም የደከመው ሰው ነበር፤ ቢሆንም አልተቆጣም፣ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። አባቴን አስተኛውና ግራ እግሩን ወደ ላይ ይዞ ቆመ። ደቂቃ አልሞላም፤ ያ ቀይ፣ ያ የሚያምረው እግር እንደ ወረቀት ነጣ። ወደ ታች ሲያወርደው ቀስ እያለ ወይን ጠጅ መሰለ። «ሲንጠለጠል የሚቀላው ደም ስለተረፈው አይደለም» አለኝ። «ደም ያጡት ስሮች አፋቸውን ከፍተው፣ በቁልቁለት የምትመጣዋን ጠብታ ሲጠብቁ ነው። ወንበር ላይ የሚያድረውም ለዚህ ነው፤ ተኝቶ ስለሚያመው።»

ደብተሩን ሰጠሁት። አገላብጦ አነበበ።

«አግዳሚው የት ነው?»

«ሁለት መቶ አሥር እርምጃ።»

«ይሄ እግር ሁለት መቶ አሥር እርምጃ አይሄድም። ከሦስት ወር በፊትም አልሄደም።» ደብተሩን መለሰልኝ። እርምጃው ማጠር በጀመረበት ጊዜ መጥቶ ቢሆን የጠበበውን ስር ለመክፈት ሊሞከር ይችል እንደነበር ነገረኝ። አሁን ከጉልበት በታች መቁረጥ፣ ካልሆነ ከጉልበት በላይ። «ዛሬ ይፈርሙ፣ ነገ ቀዶ ሕክምና ይገባሉ» አለው አባቴን።

የሚተኛበትን ልብስ ላመጣ ወደ ቤት ሄድኩ። ከታክሲ ስወርድ አግዳሚውን አየሁት። የትምህርት ቤቱ አጥር የሚጀምርበት፣ ከእኛ በር የመጀመሪያው የመብራት ምሰሶ ሥር ነው። ሜትሬን ከአንገቴ ሳብኩና ከበራችን ጀምሬ መሬት ላይ እየዘረጋሁ ለካሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። ሰው ያየኛል፣ አበደች ይላል፣ እኔ መሬት ላይ ተንበርክኬ እየለካሁ ነው። ሠላሳ ሜትር አይሞላም። በአባቴ እርምጃ ሃምሳ ቢሆን ነው።

ጸጉር አስተካካዩ አግዳሚው ላይ ብቻውን ተቀምጦ ነበር። ስደርስ ተነሣ።

«እንዴት ሆነ?» አለኝ።

«አግዳሚውን ማነው እዚህ ያመጣው?»

የአግዳሚውን ጠርዝ በእጁ አሻሸ።

«ጋሼ፣ እርስዎን ነው የምጠይቅዎ!»

«እኔ ነኝ» አለ። ወደ መሬት እያየ ነገረኝ። ያን የመጀመሪያ ቀን አባቴ የተቀመጠው ሊታረቅ አልነበረም። ባቱ ይዞት መቆም አቅቶት ነው። «ዘጠኝ ዓመት ፊት ነስቶኝ በሬ ላይ ሲቀመጥ፣ መጀመሪያ ሊሰድበኝ የመጣ መስሎኝ ነበር። ቀና ሲል ሳየው ላብ በላብ ሆኗል። ‹ልጄ በመስኮት ታየኛለች፣ አጠገቤ ተቀምጠህ የምናወራ አስመስል› አለኝ። ተቀመጥኩ።» ከዚያ በኋላ እርምጃው በየሳምንቱ እያጠረበት ሄደ። ጎማ ጠጋኙንም ዘበኛውንም ሰላም የሚለው ማረፊያ ፍለጋ ነው። በመጨረሻ እስከ አግዳሚው መድረስ ሲያቅተው አግዳሚው ወደ እሱ መጣ። «ለመነኝ፣ ልጄ። እንዴት እምቢ ልበለው? ዘጠኝ ዓመት ቂም የያዘብኝ ሰው ለመነኝ።»

«ለምን ለኔ አልነገርክም? አንተ ምን ዓይነት ሰው ነህ? እግሩን እኮ አንተ ነህ የቆረጥከው!» አልኩት። ለአባቴ እኩያ አንተ ብዬ አላውቅም። ደሜ ፈልቶ የምለውን አላውቅም ነበር፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አያገኝም፣ አንተ ደግሞ አብረህ ደበቅክ፣ የቀልድህ ብድር መክፈያ አደረግከው፣ ሌላም ሌላም። ዘበኛው ወጣ። የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ ወጣች።

ጸጉር አስተካካዩ እስክጨርስ ጠበቀ። «የአባትሽን ወንድም ታስታውሻለሽ?» አለ። «ታላቁን። መጀመሪያ ጣቱን ቆረጡት፣ ከዚያ እግሩን፣ ከዚያ ጉልበቱን፣ ከዚያ ሌላኛውን እግር። ‹ወንድሜን በአንድ ቀን አይደለም የቀበርኩት፣ በየወሩ ነው የቀበርኩት› አለኝ። ‹ሙሉ ሆኜ ልሙት› አለኝ። ይሄን ለሚል ሰው ምን ይባላል?» ከዚያ ዓይኖቹን ከመሬት አነሣ። የተናገረው በቁጣ አልነበረም። «ደግሞ ልጄ፣ አግዳሚውን በሌሊት አላንቀሳቅሰውም ነበር። በጠራራ ፀሐይ፣ ከመስኮትሽ ፊት ለፊት ነው።»

ወደ ቤት ገባሁ። የአባቴን ልብስ ይዤ ወደ ሆስፒታል ተመለስኩ።

እስካሁን ያወራሁት ሁሉ እውነት ነው፤ አንድ ነገር ግን ዘልያለሁ። ከመንገድ ማዶ የሚያልፍ ሰው ሱሪው አንዱ እግር በግማሽ ጣት ካጠረ ይታየኛል። እንጀራዬ ነው። አንድ መቶ ስልሳ እርምጃ የተጓዘ ወንበር አይታየኝም ብል ማን ያምነኛል? ጥላ ነው፣ ፀሐይ ነው ያልኩት ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብቻ ነው። አንድ ቀን፣ አግዳሚው የትምህርት ቤቱ በር ጋ በነበረ ጊዜ፣ አባቴ ሊመለስ ሲነሣ አየሁት። ሦስት እርምጃ ሄዶ አጥሩን ያዘ። የሚያወራው ሰው አልነበረም። ብቻውን አጥሩን ይዞ፣ ግንባሩን በክንዱ ላይ አስደግፎ ቆመ። ከኋላው ጸጉር አስተካካዩ አግዳሚውን አንሥቶ ወደ እኛ ቤት አቅጣጫ አምጥቶ አስቀመጠው፤ ለነገ። ሁሉንም አየሁ። ሲስተሯ ያለችውም ትዝ አለኝ፤ ቀጠሮ ሳትጠብቂ አምጪው። የአጎቴም አልጋ ትዝ አለኝ፣ ብርድ ልብሱ ከጉልበቱ በታች ጠፍጣፋ ሆኖ። ፈራሁ። ካላየሁት የለም የሚል ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ገባ። መጋረጃውን ዘጋሁና መስፋቴን ቀጠልኩ፤ ማታ ደግሞ ደብተሩን አወጣሁና እንደ ሁልጊዜው ጻፍኩ።

አባቴ አልፈርምም ብሎ ሁለት ቀን አስቸገረ። ትኩሳቱ ወጥቶ መለፍለፍ ሲጀምር ሐኪሙ ለእኔ ወረቀቱን ሰጠኝ፣ እኔ ፈረምኩ። ከጉልበት በታች ቆረጡት። አልድን አለና በአሥራ ስምንተኛው ቀን ከጉልበት በላይ ቆረጡት።

አሁን ቤት ከገባ ሁለት ወር ሆኖታል። ጸጉር አስተካካዩ በሳምንት አንድ ቀን መጥቶ ጢሙን ይላጨዋል። እኔ ሳገኘው እንደገና እርስዎ እላለሁ፤ ይቅርታ ግን አልጠየቅኩትም፣ እንዴት ብዬ እንደምጀምረው አላውቅም። ሐኪሙ የቀኙም ስር ጠባብ ነው ብሎናል። ስለዚህ በየጠዋቱ ቀኙን አያለሁ፤ አሁን ያለ ክርክር ይተኛልኛል። አስተኝቼ፣ ተረከዙን በመዳፌ ይዤ፣ ወደ ላይ አንሥቼ እቆጥራለሁ።

ትናንት ጠዋት እንደዚያው እግሩን ይዤ እየቆጠርኩ ሳለ ከአፌ አመለጠኝ።

«አባዬ፣ አግዳሚው ሲቀርብ አይቼ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለ።

መቁጠሬን አቆምኩ።

«አጥሩን ይዤ ቆሜ ቀና ስል መጋረጃው ሲዘጋ አየሁ» አለ። ወደ ጣሪያው ነው የሚያየው። «ያን ቀን ሕመሙ አላስቻለኝም ነበር። በቃ፣ ዛሬ እነግራታለሁ፣ የሚሆነው ይሁን ብዬ ነው ወደ ቤት የተመለስኩት። በሩን ከፍቼ ስገባ ከመኪናሽ ቀና አልሽና ‹ዛሬም ሳትቆም ሄድክ፣ ጎበዝ› አልሽኝ።»

ብያለሁ። አስታወስኩት።

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«አይተሽ እንደዛ ስትዪኝ፣ እሷም እንዳይቆረጥብኝ ፈልጋ ነው፣ ከኔ ጋር ናት አልኩ። ብቻዬን አይደለሁም አልኩ።» እጁን ዘርግቶ ክንዴን መታ መታ አደረገኝ፣ የምጽናናው እኔ ሆኜ። «አልቀየምኩሽም፣ ልጄ። ደስ ነበር ያለኝ።»

እግሩን ከእጄ ማውረድ አልቻልኩም። ከፍ አድርጌ እንደያዝኩት ቆየሁ፣ እየነጣ ሄደ።